ኪዩሹን በሁለት ማረፊያ መዞር፦ የት ማደር፣ ምን መብላት፣ ምን ማየት

ጃፓን ልሄድ ነው የሚል ሰው ሁሉ ቶኪዮና ኪዮቶ ነው የሚለው። ጥሩ ናቸው፣ አልቃወምም። ግን ሰው በሰው ላይ ነው፣ ሆቴሉም በየዓመቱ እየተወደደ ነው። እኔ የምመክረው ኪዩሹን ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የጃፓን ደሴቶች ደቡብ ምዕራቡን የያዘው ነው። እሳተ ገሞራ አለ፣ ፍል ውሃ በየሰፈሩ አለ፣ የክርስቲያኖች የስደት ታሪክ አለ፣ ምግቡም ከብዙ ቦታ ይረክሳል።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ በየቀኑ ሆቴል አትቀይሩ። ብዙ ሰው ሰባት ከተማ በሰባት ቀን እያለ ሻንጣ ሲጎትት ይከርማል። ሁለት ማረፊያ ይበቃል። አንዱ ፉኩኦካ፣ ሌላው ቤፑ። በመካከል አንድ ሌሊት አሶ ተራራ ላይ ታድራላችሁ። ስምንት ቀን ካላችሁ ይህ መንገድ ሳያዋክብ ያደርሳችኋል። እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ጊዜውን ምረጡ፣ ከዚያ ቪዛ

ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ የቼሪ አበባ ነው፤ ያምራል፣ ይወደዳል። ጁንና የጁላይ ግማሽ ዝናብ ነው፣ ዝም ብሎ ዝናብ። ኦገስትና ሴፕቴምበር ሙቀቱ አይቻልም፣ አውሎ ነፋስም ይመጣል፣ ሲመጣ ባቡር ይቆማል። የኔ ምርጫ ኖቬምበር ነው፦ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቅጠሉ ይቀላል፣ ፍል ውሃ ውስጥ ለመግባትም ብርዱ ልክ ነው። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለውን የጃፓኖች የበዓል ሳምንትና የኦገስትን አጋማሽ ሽሹ። አገሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል፣ አልጋ አይገኝም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሳቱ በፊት ከጃፓን ኤምባሲ ቪዛ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኛው የአውሮፓ አገር ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ሁላችሁም ግን ከመብረራችሁ በፊት የጃፓንን የመግቢያ ቅጽ ኢንተርኔት ላይ ሞልታችሁ ኪውአር ኮዱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ኤርፖርት ላይ ወረቀት ከመሙላት ያድናል።

2. ቀጥታ ፉኩኦካ ግቡ

ቶኪዮ ገብቶ ወደ ኪዩሹ በባቡር መውረድ አምስት ሰዓት ነው። ቶኪዮን ማየት ካልፈለጋችሁ ለምን? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶኪዮ ናሪታ የሚሄደው በሴኡል በኩል ነው። ከሴኡል ፉኩኦካ ደግሞ የአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ ነው፣ በቀን ብዙ አለ። ሁለቱን ትኬት ለየብቻ የምትገዙ ከሆነ ግን ሻንጣው ቀጥታ ይተላለፍ እንደሆነና የኮሪያ ቪዛ ይጠየቅ እንደሆነ ትኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሻንጣ ለመውሰድ ኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ በቶኪዮ፣ ከዱባይና ከዶሃ የምትመጡ በሴኡል ወይም በሆንግ ኮንግ ቀይራችሁ መግባት ትችላላችሁ።

የፉኩኦካ ኤርፖርት ከተማው ውስጥ ነው ያለው ማለት ይቻላል። ሜትሮው ከአገር ውስጥ ተርሚናል ተነስቶ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ሃካታ ጣቢያ ያደርሳችኋል፣ አምስት ስድስት ደቂቃ ነው። እናንተ የምትወርዱት ግን ዓለም አቀፍ ተርሚናሉ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ በነፃው አውቶቡስ ወደ አገር ውስጡ መሻገር አለባችሁ። ሻንጣ ከበዛ ከዓለም አቀፉ ተርሚናል ፊት ለፊት ቀጥታ ሃካታ ጣቢያ የሚሄድ አውቶቡስም አለ።

እዚያው የትራንስፖርት ካርድ ግዙ። ሱጎካ፣ ኒሞካ፣ ሃያካከን፣ የትኛውም ይሁን። ሁሉም ሜትሮ ላይ፣ በብዙ ቦታም አውቶቡስና ትራም ላይ ይሠራሉ፣ ሱቅም ያስከፍላሉ። ቶኪዮ የተገዛ ሱይካ ካላችሁ እሱም ይበቃል። ካሽ ደግሞ ያዙ። ትንንሽ መታጠቢያ ቤቶችና የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ካርድ አይቀበሉም። የውጭ ካርድ የሚቀበል ኤቲኤም በየሰቨን ኢለቨኑ አለ።

3. ፉኩኦካ አራት ሌሊት፦ ማደሪያው

ሁለት ሰፈር ነው የሚታሰበው፣ ሃካታ ጣቢያ አካባቢና ቴንጂን። በየቀኑ በባቡር ወጥታችሁ የምትመለሱ ስለሆነ ሃካታ ይሻላል። ማታ ማታ መዞር፣ ሱቅ፣ ካፌ የሚል ቴንጂን ይሁን። በሁለቱ መካከል ሜትሮው ደቂቃዎች ነው፣ ብዙ አትጨነቁ።

የጃፓን ቢዝነስ ሆቴል ክፍሉ ጠባብ ነው። ትልቅ ሻንጣ ከፍታችሁ መሬት ላይ ከዘረጋችሁ መራመጃ የለም። ግን ንጹሕ ነው፣ ሰው አይረብሽም። ቶዮኮ ኢን ቁርስ በነፃ ይሰጣል። ዶርሚ ኢን ላይኛው ፎቅ ላይ የጋራ መታጠቢያ አለው፣ ማታም ለእንግዶቹ ነፃ ኑድል ያቀርባል። ስትገቡ ፓስፖርታችሁን ኮፒ ያደርጋሉ፣ ትንሽ የማደሪያ ግብርም ይጨመራል። ትልቅ ኮንሰርት ወይም የቤዝቦል ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ዋጋው በእጥፍ ሊዘል ይችላል። አንድ ቀን ወደፊት ወይም ወደኋላ አድርጋችሁ ሞክሩት።

4. ፉኩኦካ ምን ይበላል? (ይህን ክፍል አትዝለሉት)

ፉኩኦካ የቶንኮትሱ ራመን አገር ነው። ነጭ፣ ወፍራም መረቅ ያለው፣ ሽታው ከሱቁ ውጭ የሚጠራ ኑድል። መረቁ የአሳማ አጥንት ነው። ሥጋውን አውጡልኝ ብትሉ መረቁ ራሱ አሳማ ስለሆነ ምንም ለውጥ የለውም። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ሁነን፣ ከኛ ብዙው ሰው አሳማ አይበላም፤ ስለዚህ ከተማው የሚኮራበት ምግብ ለኛ የለም ማለት ነው። ግን አትዘኑ፣ ሌላው ብዙ ነው።

ጃፓንኛ ባታውቁ እንኳ "ቡታ" የምትለዋን ያዙ፣ አሳማ ናት። "ቡታ ዳሜ" ብትሉ ይገባቸዋል። ከዚያ የተሻለው "የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብና የአሳማ መረቅ አልበላም" የሚል በጃፓንኛ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ስልካችሁ ላይ ፎቶ አድርጎ መያዝና ከማዘዛችሁ በፊት ማሳየት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያኪቶሪ የዶሮ ጥብስ ነው ብላችሁ በደፈናው አትዘዙ። ፉኩኦካ ውስጥ ያኪቶሪ ቤት የአሳማ ሆድ በእንጨት ተሰክቶ ከዶሮው እኩል ነው የሚሸጠው፣ ሰዉም መጀመሪያ የሚያዘው እሱን ነው። ከጎኑ በኮምጣጤ የራሰ ጥሬ ጎመን ይመጣላችኋል፣ እሱን በደንብ ብሉ።

ለኛ የሚሆነው ይኸው፦ ሚዙታኪ የሚባል የዶሮ ቅቅል አለ። ጠረጴዛችሁ ላይ እሳት ላይ ተጥዶ ይመጣል፣ መጀመሪያ መረቁን ብቻ በትንሽ ስኒ ትጠጣላችሁ፣ ቀጥሎ ዶሮው፣ ቀጥሎ ጎመንና ቶፉው፣ መጨረሻ ላይ በቀረው መረቅ ሩዝ ይሠራላችኋል። ሞትሱናቤ ደግሞ የበሬ አንጀት በነጭ ሽንኩርትና በብዙ ቅጠል ነው፤ ምላስና ሰምበር የምትወዱ ሰዎች አትለፉት፣ መረቁ በምን እንደተሠራ ብቻ ጠይቁ። ኡዶን ኑድሉ እዚህ በጣም ለስላሳ ነው፣ ከላይ በሊጥ የተጠበሰ የጎቦ ሥር ይደረግበታል፣ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው።

ከሁሉም ጋር ዩዙ ኮሾ ጠይቁ። አረንጓዴ ሚጥሚጣና የዩዙ የሎሚ ልጣጭ በጨው የተፈጨ ነው፣ ልክ እንደ ዳጣችን በጥፍር ጫፍ ታህል ትቆነጥሩታላችሁ። የኪዩሹ ነው፣ በየሱፐርማርኬቱ በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል፣ ለቤት ግዙ። የጃፓን ምግብ ጨው እንጂ በርበሬ የለውም የምትሉ ሰዎች ደግሞ ሜንታይኮ የሚባለውን በበርበሬ የተዘፈዘፈ የዓሣ እንቁላል በነጭ ሩዝ ሞክሩት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ነገሩ ይጠብቃል። አትክልት ብቻ ነው ያሉት ሾርባ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ችግር የለም። የማትበሉ ከሆነ የቡድሂስት መነኮሳት ምግብ የሆነውን ሾጂን ርዮሪ ፈልጉ፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም የለውም። ሌላ ጊዜ ከትንንሾቹ ሱቆች ኡሜቦሺ (በጨው የተቀመጠ ጎምዛዛ ፍሬ) ያለበትን ኦኒጊሪ (የተድበለበለ ሩዝ)፣ ኤዳማሜ (ለጋ አኩሪ አተር) እና ሙዝ እየገዛችሁ ታልፋላችሁ። ሙስሊም ለሆናችሁ ሃኮዛኪ ሰፈር መስጊድ አለ፤ ሃላል ምግብ ቤት ለመጠየቅም ጥሩ መነሻ ነው።

ማታ የመንገድ ዳር ድንኳኖቹን፣ ያታዮቹን፣ እዩ። ናካሱ ወንዝ ዳርና ቴንጂን ናቸው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ግድም በኋላ ጋሪያቸውን እየገፉ መጥተው ይዘረጉታል፣ ስምንት አሥር ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፣ ኃይለኛ ዝናብ ካለ አይከፍቱም። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር እዘዙ፣ ብሉ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ ተነሱ። ዋጋ ያልተጻፈበት ቦታ አትቀመጡ። ሽንት ቤት የለም፣ ቀድማችሁ ጨርሱ። የናካሱ ወንዝ ዳሮቹ ለፎቶ ያምራሉ ግን ቱሪስት በዝቶባቸዋል። ለመብላት ቴንጂን ይሻላል።

5. ከፉኩኦካ ሆናችሁ የምታዩት

አንዱን ቀን ለከተማው ስጡ። ጠዋት ዳዛይፉ ቴንማንጉ ሂዱ፣ ከቴንጂን በኒሺቴትሱ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የትምህርት አምላክ የሚሏቸው የሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ መቅደስ ስለሆነ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሁሉ እዚያ ነው። በመንገዱ ላይ ትኩስ ኡሜጋኤ ሞቺ ይሸጣል፣ የሩዝ ቂጣ ውስጡ ጣፋጭ ባቄላ። አንድ ግዙና ቆማችሁ ብሉ።

ከሰዓት በኋላ ኦሆሪ ፓርክ። ሐይቁን የሚዞረው የሩጫ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። አጠገቡ ሄይዋዳይ ስታዲየም አለ። ስሙ ካልመጣላችሁ ልንገራችሁ፦ የፉኩኦካ ዓለም አቀፍ ማራቶን መነሻና መድረሻ ነው። ገዛኸኝ አበራ በ1999፣ በ2001 እና በ2002፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2006፣ ፀጋዬ ከበደ በ2008 እና በ2009 (ዓመቶቹ እዚህም ወደፊትም በፈረንጆች ናቸው) ያሸነፉበት ውድድር ነው። ጫማችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጠዋት አንድ ዙር ሩጡ። ውድድሩ በዲሴምበር መጀመሪያ ነው፣ በዚያ ሰሞን ከደረሳችሁ መንገድ ዳር ቆማችሁ ማየት በነፃ ነው።

ሁለተኛው ቀን ናጋሳኪ። ለኔ ከኪዩሹ ሁሉ በላይ ናጋሳኪ ነው። ከሃካታ በሪሌ ካሞሜ ባቡር ታኬዎ ኦንሰን ድረስ፣ እዚያ ፊት ለፊት ባለው ባቡር ቀይራችሁ፣ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሁለተኛው ባቡር በሴፕቴምበር 2022 የተከፈተው አዲሱ ሺንካንሰን (የጃፓን እጅግ ፈጣን ባቡር) ነው። በማለዳ ውጡ፣ ምክንያቱም የሚታየው ብዙ ነው።

ከጣቢያው ወጥታችሁ በእግር ኒሺዛካ ኮረብታ ላይ ውጡ። በፌብሩዋሪ 5፣ 1597 ሃያ ስድስት ክርስቲያኖች የተሰቀሉበት ቦታ ነው፤ ሐውልታቸው በተርታ ቆሟል፣ ከመካከላቸው ልጆችም አሉ። ከዚያ በኋላ ክርስትና በአገሩ በሙሉ ታገደ። ቄስ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ሰዎቹ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጥምቀቱንና ጸሎቱን በድብቅ ለልጅ ልጅ እያስተላለፉ ኖሩ። ማርያምን ካኖን በምትባለው የቡድሂስቶች የምሕረት እመቤት ምስል አስመስለው ነበር የሚያስቀምጡት። በ1864 ፈረንሳዮች ለውጭ አገር ሰዎች ብለው የኦውራን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ በተከታዩ ዓመት ማርች ላይ ከኡራካሚ መንደር የመጡ ሰዎች ገብተው ለአባ ፔቲዣን እምነታችን አንድ ነው አሏቸው። ያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል፣ ጎኑ ያለው ሙዚየም የተደበቁትን መስቀሎችና ምስሎች ያሳያል። ቤተ ክርስቲያኑና ሌሎች የተደበቁት ክርስቲያኖች ቦታዎች በ2018 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የኛ ሰው እዚህ ቦታ ላይ በሩጫ ማለፍ ይከብደዋል፣ ሁለት ሰዓት ያዙለት።

ከሰዓት በኋላ በትራም ወደ ኡራካሚ፣ ወደ ሰላም ፓርኩና ወደ አቶሚክ ቦምብ ሙዚየሙ። ቦምቡ የወደቀው ኦገስት 9፣ 1945 ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ነው፣ በነሱ ሰዓት 11:02። ሙዚየሙ ውስጥ በዚያች ደቂቃ የቆመ የግድግዳ ሰዓት አለ። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አንዳችሁ ውጭ ከልጆቹ ጋር ቆዩ፣ ፎቶዎቹ ከባድ ናቸው። የኡራካሚ ካቴድራል፣ የነዚያ የተደበቁት ክርስቲያኖች ልጆች የሠሩት፣ በዚያው ቀን ነው የፈረሰው። አሁን የምታዩት እንደገና የተሠራው ነው።

ምሽቱን ኢናሳ ተራራ ላይ በገመድ ሊፍት ወጥታችሁ ከተማውን ከላይ እዩ። ከዚያ ግን የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ቀድማችሁ እዩ። ምግብ ላይ ጥንቃቄ፦ ታዋቂዎቹ ቻምፖንና ሳራ ኡዶን አሳማ አለባቸው። ካስቴላ ኬክ ግን ለሁሉም ነው፣ እንቁላል ለሚበላ ማለቴ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ስትመለሱ ኡሬሺኖ ኦንሰን ላይ ውረዱ። ቶፉውን በፍል ውሃው ይቀቅሉታል፣ ጠርዙ እየሟሟ ውሃው ወተት ይመስላል።

6. ሻንጣውን ላኩት፣ እናንተ አሶ ውጡ

ይህችን ዘዴ ከያዛችሁ ጉዞው ይቀላል። ከፉኩኦካ ሆቴል ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ፣ ትልቁን ሻንጣ ቤፑ ወዳለው ሆቴላችሁ እንዲልኩላችሁ ሪሴፕሽኑን ጠይቁ። ታኪዩቢን ይባላል። የቤፑውን ሆቴል ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና የምትገቡበትን ቀን ትሰጣላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። እናንተ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ቦርሳ ብቻ አንጠልጥላችሁ ትወጣላችሁ።

በሺንካንሰን ከሃካታ ኩማሞቶ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ግማሽ ቀን ለከተማው ጥንታዊ ግንብ ስጡ። በኤፕሪል 2016 የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎድቶታል። ዋናው ማማ በ2021 ተከፍቷል፣ ቀሪው ሥራ ግን እስከ 2052 ይቀጥላል ተብሏል። የወደቀው ድንጋይ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበት ሜዳ ላይ ተደርድሮ ታያላችሁ፣ ወደነበረበት ቦታ ሊመልሱት። እኔ ከማማው በላይ እሱን ነው ቆሜ ያየሁት። ለምሳ የፈረስ ጥሬ ሥጋ ኩራታቸው ነው፣ ባሳሺ ይሉታል። ጥሬ ሥጋ ወዳድ ሁኑ እንጂ ፈረስ ግን... በቃ ለናንተ ልተወው። ኢኪናሪ ዳንጎ ግዙ፦ በሊጥ ተሸፍኖ በእንፋሎት የበሰለ ስኳር ድንችና ባቄላ፣ ትኩሱን።

ከሰዓት በኋላ በሆሂ መስመር ባቡር ወደ አሶ። ጠርዙ ከሰሜን ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ነው፤ በውስጡ ከተማ፣ የሩዝ ማሳና የባቡር ሐዲድ አለ። በማግስቱ ከአሶ ጣቢያ በአውቶቡስ ኩሳሰንሪ ሜዳ ድረስ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ወደ ናካዳኬ እሳተ ገሞራ አፍ። ጋዙ ሲበዛ አፉን ይዘጉታል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል። ጠዋት በስልካችሁ አረጋግጡ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢከፈትም አይሂድ። ምሳችሁ የአሶ ቀይ ከብት ሥጋ በሩዝ ይሁን፣ አካኡሺ ዶን።

መኪና መከራየት የምትፈልጉ እዚህ ይጠቅማል፣ አውቶቡሱ በጣም ጥቂት ነውና። ግን ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት የተሰጠ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው። የምትኖሩበት አገር ያንን ይሰጥ እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ ጠይቁ፤ የጀርመንና የፈረንሳይ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ የጃፓንኛ ትርጉም ነው የሚጠየቀው። የሚነዳው በግራ ነው።

ለማደር አሶ ወይም ኩሮካዋ ላይ ርዮካን፣ ባህላዊ የጃፓን ማደሪያ፣ ያዙ። ርዮካን ውድ የሚመስለው ዋጋው በክፍል ሳይሆን በሰው ስለሆነና እራትና ቁርስ ስላለበት ነው፣ ስትደምሩት ያን ያህል አይደለም። ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የማትበሉትን ቦታ ስትይዙ ጻፉላቸው፣ ከዚያም ከሦስት አራት ቀን በፊት አስታውሷቸው፤ በር ላይ ደርሳችሁ "አሳማ አልበላም" ብትሉ ምግቡ ተዘጋጅቶ አልቋል። ሁለተኛ፣ እራት ሰዓት አለው፣ አሥራ ሁለት ወይም አንድ ሰዓት። ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ እራት የለም። ሦስተኛ፣ ዩካታውን (የሚሰጧችሁን ስስ ካባ) ስትለብሱ የግራው ጎን ከላይ ይሁን። የቀኙን ከላይ የሚያደርጉት ለሬሳ ነው።

7. ቤፑ ሁለት ሌሊት፦ እንፋሎቱ ዘንድ

ከአሶ ወደ ቤፑ በቀን ጥቂት ፈጣን ባቡሮች አሉ፣ አስቀድማችሁ መቀመጫ ያዙ። ሻንጣችሁ ሆቴል ውስጥ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ቤፑ ከሁለት ሺህ በላይ የፍል ውሃ ምንጭ አለው። ማደሪያችሁን ካናዋ ሰፈር አድርጉ። ጣቢያው አካባቢ ይቀርባል፣ ግን ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ከየቦዩና ከየጓሮው ነጭ እንፋሎት ሲወጣ የምታዩት ካናዋ ነው።

ካናዋ ውስጥ ጂጎኩ ሙሺ ኮቦ የሚባል ቤት አለ፣ ራሳችሁ በምድር እንፋሎት የምታበስሉበት። ትኬት ከማሽን ትቆርጣላችሁ፣ የሚበስለውን እዚያው ትገዛላችሁ ወይም ከሱፐርማርኬት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ በቆሎ፣ እንጉዳይ፣ ለሚበላ ዶሮና እንቁላል። በወንፊት ላይ ደርድራችሁ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቃችሁ፣ ከድንጋይ የተሠራው ጉድጓድ ውስጥ ታወርዱታላችሁ፤ ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ፊት ላይ ስለሚመታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቁሙ። ሰዓት ይሞላላችኋል። ጎመኑ ወዲያው ይደርሳል፣ ስኳር ድንቹ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ አንድ ላይ አትክተቱ። ሲወጣ ምንም ሳትጨምሩበት ጨው ጨው ይላል፣ እንፋሎቱ ራሱ ጨዋማ ነው። ለጿሚ ሰው ከኪዩሹ ሁሉ የሚመች ምሳ ይህ ነው፤ ዓሣ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ማንንም መለመን የለ። ጾም ላይ ካልሆናችሁ ደግሞ በከተማው ቶሪተን ብሉ፣ ዶሮ በቀጭን ሊጥ የተጠበሰ።

"ሲኦሎቹ" የሚባሉት ሰባት የሚፈሉ ኩሬዎች ለማየት እንጂ ለመግባት አይደሉም። የሁሉም የጋራ ትኬት አለ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ሁሉም አያስፈልግም። ሰማያዊው ኡሚ ጂጎኩና ቀዩ ቺኖይኬ ጂጎኩ ይበቃሉ፣ ለየብቻም ይሸጣል። አዞዎቹ ያሉበትን ዝለሉት፣ ያሳዝናሉ።

አሁን ወደ ውሃው። ሰው የሚፈራው እዚህ ላይ ነው። አዎ፣ ራቁት ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፣ ሰማያዊ መጋረጃ ወንድ፣ ቀይ ሴት። ልብሳችሁን ዘንቢል ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ትንሿን ፎጣ ይዛችሁ ትገባላችሁ። መጀመሪያ ትንሹ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ በሳሙና ሙሉ ገላችሁን ትታጠባላችሁ፣ ሳሙናውን በደንብ ታስለቅቃላችሁ፣ ከዚያ ነው ገንዳው ውስጥ የሚገባው። ፎጣው ውሃው ውስጥ አይገባም፣ ራስ ላይ ይቀመጣል። ፀጉራችሁ ረጅም ከሆነ ወይም ሹሩባ ከሆነ ጠቅልላችሁ እሰሩት፣ ውሃው አይንካው። ቤፑ ውሃው ይፋጃል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ውጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከፈለጋችሁ ተመለሱ።

ሁለት ነገር በተለይ ለኛ። የብር መስቀላችሁን ከአንገታችሁ አውልቃችሁ ግቡ፣ ድኝ ያለበት ውሃ ብርን ያጠቁራል። ሌላው ንቅሳት ነው። ብዙ ቦታ ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። ግንባራቸው ላይ መስቀል ወይም አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸውን እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ በር ላይ እንዳትከራከሩ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ወይም ደግሞ በሰዓት የሚከራየውን የቤተሰብ መታጠቢያ ያዙ። ካዞኩ ቡሮ ይሉታል። ቤፑ ባለችበት በኦይታ ክፍለ ሀገርና በኩማሞቶ በየቦታው አለ፣ በሩን ከውስጥ ትቆልፋላችሁ፣ ማንም አያያችሁም። ራቁትነቱን ያልወደደ ሁሉ በዚሁ ይገላገል።

ትርፍ ቀን ካላችሁ ዩፉኢን የምትባለው የፍል ውሃ ከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ናት። ዋናው መንገድ ከረፋድ በኋላ ሰው አይተላለፍም፣ በማለዳ ሐይቁ ዳር ደርሳችሁ ተመለሱ።

8. ሦስት ቀን ከተረፋችሁ

ከኩማሞቶ ወደ ደቡብ ካጎሺማ ውረዱ። ሳኩራጂማ እሳተ ገሞራ ከከተማው ፊት ለፊት ባሕር ላይ ያጨሳል፣ ጀልባው ሌሊትም ይሠራል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በ1914 ሲፈነዳ ላቫው ደሴቱን ከምሥራቁ የብስ ጋር አገናኝቶታል። አመዱ ሲዘንብ ሰው ጃንጥላ ይዘረጋል። ኢቡሱኪ ላይ ባሕር ዳር በትኩስ አሸዋ ይቀብሯችኋል፣ ዩካታ ለብሳችሁ ስለሆነ ለሚያፍር ይሻላል። እዚህም የጥቁር አሳማ አገር ነው፣ ቡታ የምትለዋን አትርሱ።

9. መመለሻው

ከቤፑ ሃካታ ሶኒክ ባቡር ሁለት ሰዓት ነው። ኮኩራ ላይ ባቡሩ አቅጣጫ ስለሚቀይር ሰዉ ሁሉ ድንገት ተነስቶ ወንበሩን ያዞራል። አትደንግጡ፣ ከወንበሩ ሥር ያለውን ፔዳል ረግጣችሁ እናንተም አዙሩ።

የባቡር ፓስ ስለመግዛት ብዙ ሰው ይጠይቃል። የባቡር ድርጅቱ ጄአር ኪዩሹ ለውጭ እንግዶች የሰሜን ብቻና የሁሉም ኪዩሹ ፓስ አለው። ከላይ ባለው መንገድ ናጋሳኪን፣ ኩማሞቶን፣ አሶንና ቤፑን ተከታታይ ቀን ላይ ካደረጋችሁ ያዋጣል። የፉኩኦካውን የከተማ ቀን ግን ከፓሱ ቀናት ውጭ አድርጉት፣ ለሜትሮ አይሠራምና። የነጠላ ትኬቶቹን ዋጋ ደምሩ፣ ከፓሱ ዋጋ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ ግዙ።

በመጨረሻው ቀን ሻንጣችሁን ሃካታ ጣቢያ ሎከር ውስጥ አስቀምጡና ከጣቢያው ሥር ካሉት ሱቆች ስጦታ ግዙ። ሜንታይኮ ማቀዝቀዣ ስለሚፈልግ ለረጅም በረራ አይሆንም። ዩዙ ኮሾው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ በእጅ ቦርሳ ካደረጋችሁት ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል። ወደ ኤርፖርት በሜትሮ ከሄዳችሁ ለነፃው አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ጨምሩ።